ስለ ወይን ግርዘት ታሪክ፤ የዮሐንስ ወንጌል 15ኛ ምዕራፍን ለሚመረምሩ

በዮሐንስ ወንጌል በ15ኛው ምዕራፍ ጌታችን ራሱን በሐረገ ወይን፥ አባቱን በወይን ገበሬ፥ ደቀ መዛሙርቱን በአዕፁቅ መስሎ እንደ ተናገረ የማያውቅ ካህን የለም። ነገር ግን ያ ምሳሌ የተነገረው ወይን ሲገረዝ እያዩ ላደጉ ሰዎች ነው። እኛ ግን አብዛኞቻችን ወይንን በዘቢብ፥ ዘቢብንም በቤተ ልሔም ብቻ የምናውቅ ነን። ስለዚህ ሁለተኛው ቍጥር ሲነበብ ጆሯችን የሚሰማው የቢላዋውን ድምፅ ብቻ ነው፤ ቢላዋው ምን እንደሚፈልግ፥ ምን እንደሚተው፥ በየትኛው ወር እንደሚመጣ አናይም። ከዚህም የተነሣ ያን ቃል አንዱ ለውግዘት፥ ሌላው ለሹመት ሽረት ሲጠቅሰው ይሰማል። መቍረጥ በአንድ ቀን የሚፈጸም ነገር ነው፤ መግረዝ ግን ዘመን የሚጠይቅ ጥበብ ነው። የሁለቱ ልዩነት የሚገለጠው የጥበቡን ታሪክ ከመነሻው ለተመለከተ ሰው ነው።

አስቀድመን የተክሉን ጠባይ እንናገር፤ ያለዚያ ከዚህ በኋላ የሚመጣው አይገባምና። ወይን እንደ ዋንዛ ወይም እንደ ወይራ በራሱ ግንድ የሚቆም ዛፍ አይደለም፤ ሐረግ ነው። በዱር ሲበቅል በሌላ ዛፍ ላይ እየተጠመጠመ ወደ ብርሃን ይወጣል። ፍሬውን የሚሰጠው በዚህ ዓመት በበቀለ ለጋ ቀንበጥ ላይ ነው፤ ይህም ቀንበጥ ፍሬ የሚይዘው አብዛኛውን ጊዜ አምና ከበቀለው ዘንግ ዐይን ሲወጣ ነው። ከአሮጌው ግንድ የሚፈላው ቀንበጥ ቅጠል እንጂ ፍሬ እምብዛም የለውም። እንግዲህ ወይኑ ሳይገረዝ ቢቀር የሚያፈራው ክፍል በየዓመቱ ከሥሩ እየራቀ ይሄዳል፤ መካከሉ የተራቈተ እንጨት ይሆናል፥ ጫፉ ግን ጣራና አጥር ያልፋል። ዐይኑ ሁሉ ባንድ ጊዜ ስለሚፈነዳ ዘለላው ይበዛል፤ ነገር ግን አንድ ሥር ያን ሁሉ መመገብ አይችልምና ፍሬው ትንሽና ኮምጣጣ ይሆናል። ቅጠል በቅጠል ላይ ሲደራረብ ነፋስና ፀሐይ አይገባም፤ ሻጋታ ያድርበታል። በጓሮው አንድ ወይን ተክሎ ለጥላው ሲል የተወው ሰው ሁሉ ከጥቂት ዓመት በኋላ የሚያገኘው ይህን ነው፤ ብዙ አረንጓዴ፥ ጥቂት ፍሬ።

ወይንን በዳስ ላይ መምራት ጥንታዊ ሥራ መሆኑ በግብጽ መቃብሮች ይታያል። በቴቤስ ያለው የናኽት መቃብር፥ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1400 ዓመት ገደማ የተሣለው፥ ሰዎች ከዳስ ላይ ዘለላ ሲለቅሙና በመርገጫው ውስጥ ሲረግጡ ያሳያል። የቴቤስ ከተማ ሹም የነበረው የሰነፈር መቃብር ደግሞ ጣራው ወጣ ገባ ያለ ድንጋይ ሳለ ሠዓሊው ሳያስተካክለው ሐረግና ዘለላ ሥሎበታል፤ የድንጋዩ ጕብጠት ራሱ የተንጠለጠለ ወይን እንዲመስል ሆነ። ሹሙ ከሞተ በኋላ በወይኑ ዳስ ሥር ማረፍ የወደደ ይመስላል።

የአሦር ንጉሥ አሹርባኒፓልም እንዲሁ ወደደ፤ የእርሱ ዕረፍት ግን ሌላ መልክ አለው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ645 ዓመት ገደማ በነነዌ የተቀረጸና ዛሬ በለንደን በብሪታንያ ቤተ መዘክር የሚገኝ አንድ ድንጋይ አለ። ንጉሡ በአልጋ ላይ ተጋድሞ ይጠጣል፤ ንግሥቲቱ በፊቱ ተቀምጣለች፤ በላያቸው ከዛፍ ወደ ዛፍ የተመራ ወይን ዘለላውን አንጠልጥሎ ጥላ ሠርቶላቸዋል። ከዚያው ዛፍ በአንዱ ላይ ደግሞ የኤላም ንጉሥ የቴውማን ራስ ተሰቅሏል። ዘለላና የጠላት ራስ ባንድ ዳስ ሥር ተንጠልጥለው ሲታዩ የዚያ ዘመን መኳንንት ስለ መቍረጥ ምን ያስቡ እንደ ነበር ይታወቃል። ያን ሐረግ ያን ያህል አሳምሮ የመራው የአትክልት ሠራተኛ ስሙ አልተጻፈም።

አሁን ወደ ቅዱሳት መጻሕፍት እንመለስ። በዕብራይስጥ ወይንን መግረዝ «ዘመረ» ይባላል፤ መግረዣውም «መዝሜራ» ነው። በዚያው ፊደል የሚጻፍ ሌላ ቃል ደግሞ እንደ ግዕዛችን ዜማ ማሰማት ማለት ነው። ስለዚህ በመኃልየ መኃልይ 2ኛ ምዕራፍ በ12ኛው ቍጥር ላይ የሚገኘው «ዛሚር» የሚለው ቃል ከጥንት ጀምሮ ተርጓሚዎችን ሁለት አድርጓቸዋል። ሰብዓ ሊቃናት ወደ ጽርዕ ሲመልሱ የመቍረጥ ጊዜ ብለው ተረጐሙት፤ ከኋላ የመጡት ብዙዎች ግን የዝማሬ ጊዜ አሉት። አንድም የወፎች ዜማ ነው፤ አንድም የገበሬው ቢላዋ ነው። አበባ የታየበትና የዋኖስ ድምፅ የተሰማበት ወቅት ስለ ሆነ የመጀመሪያው የተስማማ ይመስላል፤ ነገር ግን ሁለተኛውን ለመጣል አያስደፍርም፤ ምክንያቱም አንድ ትንሽ ድንጋይ ይመሰክርለታል።

በ1908 ዓመት በፈረንጆች አቈጣጠር ማካሊስተር የተባለ ቈፋሪ በጌዝር ከተማ ፍርስራሽ ውስጥ እንደ እጅ መዳፍ የምታህል የኖራ ድንጋይ ጽላት አገኘ። ጽሕፈቱ ከክርስቶስ ልደት በፊት የ10ኛው መቶ ዓመት ነው ይባላል፤ ድንጋዩም ዛሬ በኢስታንቡል ቤተ መዘክር ይኖራል። በላዩ የእርሻው ዓመት በወራት ተከፍሎ ተጽፏል፤ የመሰብሰብ ወራት፥ የመዝራት ወራት፥ የኋለኛው ዘር ወራት፥ ተልባ የሚቈረጥበት ወር፥ የገብስ መከር፥ የስንዴ መከርና መስፈሪያ፥ ከዚያም ሁለት የ«ዘመር» ወራት፥ በመጨረሻም የበጋ ፍሬ ወር። እነሆ፥ የወይኑ ግርዘት ከመከር በኋላ በሙቀቱ ጊዜ ተቀምጧል። ይህ ዋናው የብርድ ጊዜ ግርዘት አይደለም፤ ፍሬው ከተያዘ በኋላ ትርፉን ቅጠልና ፍሬ የሌለውን ቀንበጥ የሚያነሡበት ሁለተኛው ግርዘት ነው። ወይን እንግዲህ በዓመት ሁለት ጊዜ ቢላዋ ያያል፤ አንደኛው በእንቅልፉ ጊዜ ከዘንጉ ላይ፥ ሁለተኛው ነቅቶ ሳለ ከለጋው ላይ።

ይህን ያወቀ ሰው የኢሳይያስን 18ኛ ምዕራፍ በሌላ ዐይን ያነባል። ያ ምዕራፍ ከኢትዮጵያ ወንዞች ማዶ ስላለው አገር፥ በደንገል መርከብ ስለሚመላለሱት መልእክተኞች የተነገረ ነውና ለእኛ አባቶች እንግዳ አልነበረም። ብዙ ሊቃውንት ቃሉን የኩሽ ነገሥታት ግብጽን በገዙበት በ8ኛው መቶ ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት ከነበረው ከአሦር ጋር ከሆነው ክርክር ጋር ያያይዙታል። በ5ኛው ቍጥር ነቢዩ የሚሥለው በትክክል በጌዝር ድንጋይ ላይ ያለውን ጊዜ ነው፤ አበባው አልፎ ፍሬው ሊበስል ሲል፥ ከመከሩ አስቀድሞ፥ ለጋው ቀንበጥ በመግረዣ ይቈረጣል፥ የተንሰራፋውም ሐረግ ይወገዳል። የሚቈረጠው ማን ነው? አንድም አሦር ነው ብለዋል፤ ሊያፈራ ሲል ተቀጭቷልና። አንድም የኩሽ ሠራዊት ነው ብለዋል፤ በሰው ኀይል መታመኑ ስለ ተቀነሰ። ወደ መጀመሪያው ባዘነብልም የታሪክ ጸሓፊ ሊያስተውለው የሚገባው ሌላ ነገር ነው፤ በ4ኛው ቍጥር እግዚአብሔር ዝም ብሎ ከማደሪያው እየተመለከተ ይቈያል። በሙቀትና በጠል መካከል ዝም ብሎ መመልከት የወይን ገበሬ ሥራው ነው። ቢላዋውን ይዞ አይሮጥም፤ ወሩን ይጠብቃል። 6ኛው ቍጥር ግን ከእርሻ ልማድ ይወጣል፤ የተቈረጠው ለተራራ ወፎችና ለአራዊት ሲተው ምሳሌው ከአትክልት ወደ ጦር ሜዳ ተሻግሯልና።

በዘሌዋውያን ሕግ ውስጥም ስለ ወይን ግርዘት ሁለት ድንቅ ነገር አለ። አንደኛው በ25ኛው ምዕራፍ ነው። ስድስት ዓመት ወይንህን ግረዝ፥ በሰባተኛው ግን እጅህን አንሣ የሚል ትእዛዝ ከተሰጠ በኋላ፥ በዚያ ዓመት ሳይገረዝ የቀረው ወይን በዕብራይስጡ «ናዝራዊ» ተብሎ ይጠራል። ናዝራዊ ምላጭ በራሱ ላይ ያልወጣበት፥ ጠጕሩን ለስእለት ያሳደገ ሰው እንደ ሆነ ይታወቃል። ሐረጉ ሲንሰራፋ እንደ ሶምሶን ጠጕር አዩት። በመሆኑም ያልተገረዘ ወይን ሁሉ የተረገመ አይደለም፤ በጊዜው ቅዱስ ሆኖ የሚተውበት ዓመት አለው። ሁለተኛው በ19ኛው ምዕራፍ ነው። አዲስ የተተከለ ዛፍ ፍሬው ሦስት ዓመት እንደ ቍልፈት ይቈጠራል፥ አይበላም ይላል። የእኛ አማርኛ ወይንንም ሰውንም «መግረዝ» በሚል በአንድ ቃል ማስተናገዱ ይህን ለመረዳት ይረዳናል፤ ሌላ ሕዝብ በብዙ ሐተታ የሚደርስበትን እኛ ገና ቃሉን ስንናገር እናገኘዋለን። ሰብዓ ሊቃናት ግን ይህን ስፍራ ወደ ጽርዕ ሲመልሱ የቍልፈቱን ነገር ወደ ማንጻት ቃል ለወጡት። ይህን አንባቢ በልቡ ይያዝ፤ ወደ ዮሐንስ ስንደርስ እንፈልገዋለን።

ነቢያት ስለ ቅጣት ሲናገሩ ደግሞ የሚያስደንቅ ነገር እናያለን። በኢሳይያስ 5ኛ ምዕራፍ መልካም ፍሬ ያልሰጠው የወይን ቦታ የሚቀጣው በመቈረጥ አይደለም፤ ባለመገረዝና ባለመኰትኰት ነው። አጥሩ ይነሣል፥ ቢላዋውም ይነሣል፤ እሾህና ኵርንችት ይወጣበታል። በመዝሙረ ዳዊት በ79ኛው ላይ ከግብጽ የመጣችው ሐረግ ተራራውን በጥላዋ ሸፍና እስከ ባሕር ከተንሰራፋች በኋላ አጥሯ ፈርሶ የዱር እሪያ ሲያበላሻት ይታያል። ስለዚህ በነቢያት ቋንቋ የጌታው ቍጣ የሚታወቀው ገበሬው ሲመጣ ሳይሆን መምጣቱን ሲተው ነው።

በጽርዕና በሮም አገር የጥበቡ ነገር በስፋት ተጽፎ ይገኛል። ጳውሳንያስ የተባለው የ2ኛው መቶ ዓመት መንገደኛ በናፍፕልያ አገር በአለት ላይ የተቀረጸ አህያ አየ። ምክንያቱን ሲናገር አህያው አንድ የወይን ሐረግ ጫፉን ቀጭቶ በበላ ጊዜ በሚመጣው ዓመት ፍሬው በዝቶ ስለ ተገኘ ሰዎች መግረዝን ከእርሱ ተማሩ ይላል። ለአህያ ሐውልት ማቆም ይህን ያህል አያሳፍርም፤ ለብዙ የባሰ ነገር ሐውልት ቆሟልና። ሮማውያን ደግሞ ሁለተኛው ንጉሣቸው ኑማ ካልተገረዘ ወይን የተገኘ ጠጅ ለአማልክት እንዳይፈስስ ከለከለ ይሉ ነበር። ፕሊኒዩስ የተባለው ጸሓፊ፥ በ79 ዓ.ም. የሞተው፥ የዚህን ሕግ ምክንያት ሲገልጥ ገበሬው በግድ እንዲገርዝ ነው ይላል። ለምን ግድ አስፈለገ? በጣልያን አገር ወይንን በረጃጅም ዛፍ ላይ ይሰዱት ነበርና ወጥቶ መግረዝ ነፍስን የሚያሳጣ ሥራ ስለ ነበረ ነው። ያው ፕሊኒዩስ እንደ ጻፈው በካምፓንያ ለለቀማ የሚቀጠረው ሰው ወድቆ ቢሞት የመቃብሩን ወጪ ጌታው እንዲከፍል በውሉ ውስጥ ያስገባ ነበር። ደግሞም በሮም ከተማ በሊቭያ ሰቀላ ውስጥ አንዲት የወይን ግንድ በዳስ ተመርታ መንገዱን ሁሉ ስትሸፍን፥ በዓመት 12 አምፎራ ጭማቂ ትሰጥ ነበር ይላል፤ ይህም በእኛ መስፈሪያ 300 ሊትር ያህል ነው። መንሰራፋት ብቻውን ጥፋት እንዳይደለ ይህች ግንድ ታስረዳለች፤ የተመራ ስፋትና የተተወ ስፋት አንድ አይደሉም።

ከሮማውያን ሁሉ ግን ስለ ወይን የበለጠ የጻፈ ኮሉሜላ ነው። በእስጳንያ በጋዴስ ተወልዶ በ1ኛው መቶ ዓመት ስለ እርሻ 12 መጻሕፍት ጽፏል። የወይን ገበሬውን ቢላዋ ብልት በብልት ከፋፍሎ ለስድስቱ ክፍሎቹ ስም ይሰጣቸዋል፤ ቀጥ ያለው ስለት፥ የተጠማዘዘው፥ የሚገፋው፥ ምንቃሩ፥ ከጀርባው ያለው ትንሽ ምሳር፥ ጫፉም። እያንዳንዱ ለየብቻው ሥራ አለው፤ አንዱ ይስባል፥ አንዱ ይልጋል፥ አንዱ ይወጋል። ስለ ቢላዋ ይህን ያህል የደከመ ሰው ስለ መቍረጥ ቸኵሎ አልነበረም። ኢሳይያስ በ2ኛው ምዕራፍ ጦር ወደ መግረዣ ይቀጠቀጣል ሲል፥ ኢዩኤልም ነገሩን ገልብጦ መግረዣው ጦር ይሁን ሲል፥ ብረቱ አንድ ሆኖ ሳለ ስለቱ የዞረበት አቅጣጫ ሁለት መሆኑን ያመለክታሉ።

እንግዲህ ወደ ተነሣንበት እንመለስ። በዮሐንስ 15ኛ ምዕራፍ በ2ኛው ቍጥር በጽርዕ ሁለት ግሦች አሉ፤ ለማያፈራው «አይሬይ»፥ ለሚያፈራው «ካታይሬይ»። ድምፃቸው የሚመሳሰል መሆኑ በአጋጣሚ የሆነ አይመስልም። ሁለተኛው ቃል ማንጻት፥ ማጥራት ማለት ሲሆን በእርሻ ቋንቋ መግረዝንም ያመለክታል፤ ወዲያው በ3ኛው ቍጥር ደቀ መዛሙርቱ «ካታሮይ»፥ ንጹሓን፥ ተብለዋልና። ሰብዓ ሊቃናት በዘሌዋውያን ቍልፈትን ወደ ማንጻት የለወጡበት ቃል ከዚሁ ሥር የወጣ ነው። ስለዚህ ገበሬው ወደሚያፈራው ቅርንጫፍ ቢላዋ ይዞ ሲመጣ የሚያደርገው እጥበት ነው፤ ቅጣት አይደለም።

በመጀመሪያው ግሥ ላይ ግን ክርክር አለ። በዘመናችን አንዳንድ ሰባክያን «አይሬይ» ማለት ያስወግዳል ሳይሆን ያነሣል፥ ከመሬት ያቀናል ማለት ነው ይላሉ። ማስረጃቸው ቀላል አይደለም። በይሁዳ አገር ወይን በመሬት ላይ እየተሳበ ይበቅል እንደ ነበር ሕዝቅኤል በ17ኛው ምዕራፍ ስለ ዝቅተኛይቱ ወይን ሲናገር ይታያል፤ እንዲህ ያለውን ሐረግ ዘለላው እንዳይበሰብስ በድንጋይ ወይም በባላ ማንሣት የታወቀ ሥራ ነው። ግሡም በዚያው በዮሐንስ ወንጌል ለሁለቱም አገልግሏል፤ መጻጕዕ አልጋውን ሲያነሣና ጌታችን ዓይኑን ወደ ላይ ሲያነሣ፥ ደግሞም ድንጋዩ ከአልዓዛር መቃብር ሲወገድ። እኔ ግን ሁለቱን ግሦች አንድ ቢላዋ ያገናኛቸዋል ብዬ አምናለሁ፤ በ6ኛው ቍጥር ወደ ውጭ ተጥሎ ስለሚደርቅና ስለሚቃጠል ቅርንጫፍ ተነግሯልና ማንሣት የሚለው ትርጓሜ እዚያ ሲደርስ ይደክማል። ከዚህ ይልቅ ሊታሰብ የሚገባው ሌላ ነው። በምሳሌው ውስጥ ቢላዋ የያዘ አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም ገበሬው ነው። ግንዱ እንኳ አይቈርጥም። ቅርንጫፍ ቅርንጫፍን ሲቈርጥ በየትም አልተጻፈም። ይህን ቍጥር በጠላቱ ላይ የሚያነብ ሁሉ፥ ካህንም ይሁን መኰንን፥ ሳያስበው ራሱን ከሐረግነት ወደ ገበሬነት አሻግሯል።

ያልተገረዘ የጓሮ ወይን የወረሰ ሰው ምን ያድርግ ቢባል፥ ጥንታውያንና የዛሬዎቹ ባለሙያዎች በዋናው ነገር ይስማማሉ። አስቀድሞ የደረቀውን ያወጣል፤ የደረቀ እንጨት ሲቈረጥ ውስጡ ቡናማ ነው፥ ሕያው የሆነው ግን አረንጓዴነት ያሳያል። ከዚያም ከብዙው ግንድ መካከል ጤነኛና ቀጥ ያለውን አንዱን ወይም ሁለቱን ይመርጣል። የተንሰራፋውን ሁሉ ባንድ ዓመት አይቈርጥም፤ ባንድ ጊዜ ቢቈርጠው ትልቁ ሥር ኀይሉን የሚያወጣበት አጥቶ የቅጠል ዱር ያፈላልና። ሥራውን በሁለት ወይም በሦስት ዓመት ይከፍለዋል። ከግንዱ በታች ተገን ሆኖ የበቀለ ለጋ ቢያገኝ ከመጣል ይልቅ በባላ አስደግፎ ወደ ላይ ይመራዋል፤ በሚመጣው ዓመት አዲስ ግንድ የሚሆነው እርሱ ነውና፤ አሮጌውም ከዚያ በኋላ ይነሣል። ግንዱ ፈጽሞ ከተበላሸ ከመሬት አቅራቢያ ቈርጦ አንድ ቀንበጥ ብቻ ያሳድጋል፤ በዚህ ግን የአንድ ዓመት ፍሬ ወይም ከዚያ በላይ ያጣል። ብርድ ባለበት አገር ይህ ሁሉ የሚሠራው ወይኑ ቅጠሉን ካረገፈ በኋላ ነው። ዘግይቶ ሥሩ ሲነቃ የተቈረጠ ወይን ከቍስሉ ውሃ ያንጠባጥባል፤ ገበሬዎች ወይኑ አለቀሰ ይላሉ። ይህ ልቅሶ ግን አያደርቀውም።

በኋለኛው ዘመን ጥበቡ ወደ ምርመራ ተለወጠ። ዡል ጊዮ የተባለ የፈረንሳይ ሐኪም፥ በ1807 ተወልዶ በ1872 የሞተው፥ በ1860 ስለ ወይን ልማት መጽሐፍ አሳተመ፤ ከዚያም በመንግሥቱ ትእዛዝ የአገሩን የወይን ቦታዎች ዞሮ መረመረ። ስሙን የያዘው አገራረዝ እንዲህ ነው፤ በየዓመቱ አንድ ረጅም ዘንግ ለዘንድሮ ፍሬ፥ ሁለት ዐይን ያለው አንድ አጭር ጉጥ ደግሞ ለከርሞ ዘንግ ይተዋል። ፍሬ ያፈራው ዘንግ በዓመቱ ተቈርጦ ይወድቃል፤ ከጉጡ የወጣው ይተካዋል። እንዲህ ባለ አሠራር የሚያፈራው እንጨት ለዘላለም ከግንዱ አይርቅም።

ከእርሱም በኋላ በአሜሪካ በኒው ዮርክ አገር ኔልሰን ሾውሊስ የተባለ ሊቅ ከጓደኞቹ ጋር በ1966 ባወጣው ምርመራ የጥላን ነገር ገለጠ። የሚመጣው ዓመት ዘለላ ዘንድሮ በዐይኑ ውስጥ ይፀነሳል፤ ያ ዐይን ብርሃን ካላየ በከርሞው ቅጠል ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ያልተገረዘ ወይን የዛሬውን ፍሬ ብቻ ሳይሆን ያልተወለደውንም ይሸፍናል። እነዚሁ የኒው ዮርክ ባለሙያዎች ምን ያህል ዐይን እንደሚተው በሚዛን ይለኩ ነበር፤ ከግንዱ የተቈረጠውን የዓመት ዘንግ ይመዝኑታል። ለመጀመሪያው ፓውንድ፥ ማለት ለ450 ግራም ያህል፥ 30 ዐይን ይተዋሉ፤ ለሚጨመረው ለእያንዳንዱ ፓውንድ ደግሞ 10 ዐይን ይጨምራሉ። የቈረጡት 3 ፓውንድ ቢመዝን 50 ዐይን ይቀርለታል ማለት ነው። ይህ ሥርዓት ለኮንኮርድ ወይን የተሠራ ነው፤ ለሁሉ ዘር አይሆንም። ነገር ግን ሐሳቡ ለሰው ልማድ ተቃራኒ ነው፤ ሰው የተንሰራፋውን አብዝቶ መቍረጥ፥ ለደካማው አብዝቶ መተው ይወድዳል፤ ሚዛኑ ግን የበረታው ብዙ ይሸከም፥ የደከመው በጥቂት ዐይን ይረፍ ይላል።

በአገራችን የወይን ነገር እንዴት እንደ ነበረ ባጭሩ እንናገር። በ1ኛው መቶ ዓመት የተጻፈው የኤርትራ ባሕር መንገድ መጽሐፍ በአዱሊስ ወደብ ከሎዶቅያና ከጣልያን ጥቂት የወይን ጠጅ ይገባ እንደ ነበር ይናገራል። ከ1520 እስከ 1526 በኢትዮጵያ የነበረው የፖርቱጋል ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ለቅዳሴ የሚሆነው ከዘቢብ ተዘፍዝፎ እንደሚጨመቅ ጽፏል፤ ይህን የሚያነብ ካህን ሁሉ በገዛ እጁ የሚሠራውን ያያል። በ18ኛው መቶ ዓመት የመጣው ጄምስ ብሩስም በእንፍራዝ አቅራቢያ በካሮዳ ስለሚገኘው ወይን ተናግሯል። በዝዋይ ሐይቅ አጠገብ ደግሞ የተተከለው ሰፊ የወይን ቦታ ጠጁን ለገበያ ያወጣው በ2014 በፈረንጆች አቈጣጠር ነው።

በእኛ አገር ግን መጽሐፍን ለሚተረጕም ሰው አንድ ችግር አለ፤ እርሱም ክረምት የሚለው ቃል ነው። በይሁዳ ዝናብና ብርድ ባንድ ጊዜ ይመጣሉ፤ ወይኑ ያን ጊዜ ይተኛል፥ ከዚያም በደረቁ ሙቀት ያፈራል። በእኛ ደጋ ግን ዝናቡ ከሰኔ ጀምሮ ሲወርድ ወይኑ አይተኛም፤ ቅጠሉም ፈጽሞ አይረግፍም። ስለዚህ እዚያ ብርዱ የሚሠራውን ሥራ እዚህ ቢላዋ ይሠራዋል። ወይኑ ዓመቱን የሚጀምረው በተገረዘበት ቀን ነው፤ ከዚያ በኋላ ባሉት ጥቂት ወራት ፍሬው ይበስላል። ገበሬው የዝናቡን ወር ቈጥሮ ካልገረዘ ዘለላው በዝናብ ላይ ወድቆ ይሻግታል። የይሁዳው ገበሬ ወሩን ይጠብቃል አልን፤ የደጋው ገበሬ ግን ወሩን ራሱ ይወስናል። አንድ ሊቅ በደጋ ተቀምጦ የኢሳይያስን 18ኛ ምዕራፍ ሲተረጕም ይህን ልዩነት ካላሰበ ሙቀቱና ጠሉ ቦታቸውን ያጣሉ።

ወይን በትክክል ሲገረዝ ምን ያህል እንደሚኖር የሚያስረዱ ሁለት ግንዶች ዛሬም ይታያሉ። አንደኛው በእንግሊዝ አገር በሃምፕተን ኮርት ቤተ መንግሥት በ1768 የተተከለው ነው፤ የግንዱ ዙሪያ 4 ሜትር ያህል ሆኗል፥ በዓመት በአማካይ 270 ኪሎ ያህል ፍሬ ይሰጣል፤ በየዓመቱ ዘንጉ ሁሉ ወደ አጭር ጉጥ ይመለሳል። ሁለተኛው በስሎቬንያ በማሪቦር ከተማ በድራቫ ወንዝ ዳር በአንድ ቤት ግድግዳ ላይ የተመራ ሲሆን ዕድሜው ከ400 ዓመት ያልፋል። በ17ኛው መቶ ዓመት የተሣሉ ሥዕሎች ያን ቤት ከነወይኑ ያሳያሉ። ዛሬ ፍሬውን ከሚሰጡት ሁሉ በዕድሜ የሚበልጠው እርሱ እንደ ሆነ ተመዝግቧል፤ በዓመት የሚሰጠው ግን ጥቂት አሥር ኪሎ ብቻ ነው። ሕዝቅኤል በ15ኛው ምዕራፍ የወይን እንጨት ዕቃ የሚሰቀልበት ኵላብ እንኳ አይሆንም ማለቱን እናስታውሳለን፤ በማሪቦር ግን በክረምቱ መጨረሻ ግንዱ ሲገረዝ ከወደቀው ዘንግ ጥቂቱን እየመረጡ ለሌሎች ከተሞች በስጦታ ይሰዱታል፥ በዚያም ተተክሎ ሥር ይሰዳል።